በእማማ እናኑ በር ላይ የቀባሁት ቀይ ምልክት

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ግን ሠላሳ አንድ ነው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች «እትዬ» ይሉኛል። መምህሮቼ ጥያቄ ሲጠይቁ መጀመሪያ ወደ እኔ ያያሉ፤ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስላቸዋል። እኔም እንዳላሳፍራቸው ትምህርቱን ቀድሜ አንብቤ እገባለሁ። የምማረው የመሬት አስተዳደር ነው። ከዚያ በፊት ለዘጠኝ ዓመት የስልክና የኢንተርኔት መስመር ሠራተኛ ነበርሁ፤ መጀመሪያ ደብረ ታቦር፣ ቀጥሎ አንበሳሜ፣ ከዚያ ገሳይ፣ በመጨረሻም ተመልሼ ደብረ ታቦር። መሰላሉንና የወገብ ቀበቶውን አስረክቤ የመልቀቂያ ወረቀቴን ከተቀበልሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ለምን ለቀቅሽ ለሚሉኝ ሁሉ «ለመማር ብዬ ነው» እላለሁ። እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። ሙሉው ካርታ በሌላቸው በአንዲት እናት ቤት ላይ ያደረግሁት ነው፤ እሱን እዚህ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ስለ ፍርሃት ቀድሜ ልናገር፤ ሥራውን የተማርሁት በፍርሃት ነውና። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። አጭር የቴክኒክ ሥልጠና ወስጄ ስቀጠር በቡድኑ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የመጀመሪያው ቀን ገበያው ዳር ባለ የስልክ እንጨት ላይ ውጪ ተባልሁ። የመሰላሉ አጋማሽ ላይ ስደርስ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መሰላሉም አብሮኝ ተንቀጠቀጠ። ከታች ሰው ተሰብስቦ ያያል። አንዱ «ልጅቱ እየወጣች ነው ወይስ እየጸለየች?» ሲል ሌላው «ሁለቱንም» ብሎ መለሰለት። ሁሉም ሳቀ።

መሰላሉን ከታች የያዙት ግን አልሳቁም። ጋሽ ሙላት ይባላሉ፤ የቡድኑ አንጋፋ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ሃምሳን አልፈዋል። ስወርድ ወደ ጎን ወሰዱኝና ምን እንደፈራሁ ጠየቁኝ። መውደቅ አልኋቸው። ሌላስ አሉኝ። ሰው ሲስቅብኝ አልኋቸው። «እንግዲያው ያንቀጠቀጠሽ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ያዢው፤ እሱ ይጠቅምሻል» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ መሣሪያ ሳናወጣ በፊት «ዛሬ ምን ፈራሽ?» ይሉኝ ነበር። እኔን ብቻ አይደለም፤ የቡድኑን ሰው በሙሉ ይጠይቁ ነበር። አንዱ ነፋሱን፣ ሌላው የበሰበሰውን እንጨት፣ ሌላው የመብራት ገመዱን ይላል። እሳቸው ያዳምጡና ሥራውን በዚያ መሠረት ያከፋፍላሉ። አንድ ቀን ደስ ላሰኛቸው ብዬ «ዛሬስ ምንም አልፈራሁ» አልኋቸው። ያን ቀን ሙሉ ስልክ እንጨት ላይ አላወጡኝም፤ ገመድ ስጠቀልል ዋልሁ።

እንጨት ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሥሩን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ደህና እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ ውስጡ የበሰበሰ ግን እንደ ባዶ ጋን ይጮኻል። እኔ ልዩነቱን ለመስማት አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። ፋይበር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ልማድ አመጡ። ፋይበር ከጸጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። ሁለት ክር ለማገናኘት ሽፋኑን እንገፋለን፣ በአልኮል እንጠርጋለን፣ ጫፉን ቀጥ አድርገን እንቆርጣለን፤ ከዚያ ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች አፍ ለአፍ ገጥሞ በሙቀት ያጣብቃቸዋል። የተቆረጠው ስባሪ መሬት ቢወድቅ አይታይም፤ ቆዳ ውስጥ ቢገባ አይወጣም። ጋሽ ሙላት እያንዳንዷን ስባሪ ፕላስተር ላይ ይለጥፋሉ፤ ሥራው ሲያልቅ የቆረጥነውን ያህል ስባሪ ካልተገኘ ማንም ከቦታው አይነሳም። በክሩ ውስጥ የሚሄደውም ብርሃን በዓይን አይታይም። «ዓይን ሲያጠፋ አያምም» ይሉን ነበር። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዙ ሳምንት የገመድ ጫፍ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ገሳይ እያለን የሆነውን አንድ ነገር እዚህ ላስገባ። አንድ ጠዋት ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መስመር በሙሉ ጸጥ አለ። በማሽን ለክተን የተቆረጠበትን ርቀት አገኘን፤ አንድ የድንች ማሳ አጠገብ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ባለማሳው ሲያየን ዶማውን ጥሎ ወደ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ፖሊስ እንጥራ ብዬ ነበር። ጋሽ ሙላት ግን ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሰውየው ከረጅም ጊዜ በኋላ ወጣ። «ማን ቆረጠው አልልህም፤ ዶማህ ከአፈሩ ውጪ ሌላ ነገር የነካበትን ቦታ ብቻ አሳየኝ» አሉት። አሳያቸው። ስንሠራ አብሮን ውሎ ጉድጓዱን ራሱ ደፈነ። የፈራውን ሰው መጀመሪያ ማሳደድ እንደሌለብን ያን ቀን ገባኝ ብዬ ነበር። እንዳልገባኝ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ደብረ ታቦር በተመለስን በሁለተኛው ዓመት አዲሱ ዕቅድ መጣ። ፈጣን ኢንተርኔት ለእያንዳንዱ ቤት ይገባል፤ አንድም ቤት አይቀርም ተባለ። ስብሰባው ላይ ዕቅዱን ያነበበልን አስተባባሪያችን ነው፤ እኛ «ኢንጂነር» እንለዋለን። ከእኔ በዕድሜ ብዙ አይበልጥም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም እንደ እኔ የበላዮቹን ይፈራ ነበር። የእኛ ሥራ ቤት ለቤት ሄዶ ቅጽ መሙላትና ገመዱ በየት በኩል ወደ ቤቱ እንደሚገባ ግድግዳው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ምልክቱ ሰማያዊ ክብ ነው፤ ውስጡ ቁጥር ይጻፍበታል። ቅጹ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የቤቱ ዓይነትና ቤቱ የይዞታ ካርታ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ ቦታ አለ። ኢንተርኔት ለማስገባት ካርታ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄ ነበር። ኢንጂነሩ ቅጹ እንደዚያ ሆኖ ነው የመጣው አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ጋሽ ሙላት ለምልክቱም ሕግ ነበራቸው። ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፤ ምን እንደምንሠራ ይናገራሉ፤ ከዚያ ባለቤቱን «እስቲ እኔ ያልሁትን መልሰው ይንገሩኝ» ይላሉ። ባለቤቱ መልሶ ካልነገራቸው ብሩሽ አያነሱም። በሩ ዝግ ከሆነ ለነገ ያሳድራሉ። በቀን የሚጨርሱት ቤት ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ ኢንጂነሩም በዚህ ይበሳጭባቸው ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ጋሽ ሙላት አንበሳሜ የተቆረጠ ገመድ ሊሠሩ ሄደዋል። ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሩ ጠራኝ። ሪፖርቱ ዓርብ ይሄዳል፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ የቀሩት ቤቶች ካልተመዘገቡ ሰፈሩ ከዕቅዱ ይወጣል አለኝ። እንደምጨርሰው ነገርሁት። ያን ጠዋት ምን ፈራሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሰማያዊው ቀለም አልቋል። ከሱቅ ለብረት በር መቀቢያ የሚሆን ቀይ ቀለም ገዛሁ። መጀመሪያ ክብና ቁጥር ለመጻፍ ሞከርሁ፤ ግን ብሩሹ ሰፊ፣ ግድግዳው እርጥብ ነበር፤ ቁጥሩ እየፈሰሰ አይነበብም። ስለዚህ ገመዱ በሚገባበት ቦታ ላይ ሁለት ጭረት አቆራርጬ ማለፍ ጀመርሁ። ይፈጥናል።

በከተማችን ሊፈርስ የታሰበ ቤት ላይ ቀይ ኤክስ እንደሚደረግ ሕፃን ልጅ ያውቃል። አላሰብሁትም ብል ውሸት ነው። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ አስቤው ቆምሁ፤ ከዚያ «ሰኞ መጥቼ አስረዳቸዋለሁ» አልሁና ቀጠልሁ። ቤት ላገኘኋቸው ሰዎች ግማሽ ቃል ነገርኋቸው። ዝናብ እየመጣ ነበር። የመጨረሻው ቤት ዝግ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አረንጓዴ የብረት በር። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ አቶ ፈንታ ላም ያጠጣል። የማን ቤት እንደሆነ ጠየቅሁት። የእማማ እናኑ ነው፤ ለተዝካር ዘመድ ቤት ሄደዋል አለኝ። ካርታ አላቸው ወይ አልሁት። የላቸውም መሰለኝ አለ። ለምን እንደምጠይቀው አልነገርሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ቅጹ ላይ «የለውም» ብዬ ጻፍሁ፤ በሩ ላይ ቀይ ኤክስ ቀባሁ፤ ሄድሁ። ሪፖርቱ በሰዓቱ ደረሰ። ኢንጂነሩ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ከጋሽ ሙላት ጋር ወደ ሰፈሩ ስንሄድ ምልክቶቹን ከሩቅ አዩአቸው። እርምጃቸው ፈጠነ። አንዳንዱ ቤት ላይ ቀዩ በጭቃ ተለስኖበታል። መጨረሻ የእማማ እናኑ ቤት ስንደርስ ጣሪያ የለውም። ማገሩ ብቻ ሰማይ ላይ ቀርቷል። በሩም ተነቅሎ ተወስዷል። ሁለት ቀን የጣለው ዝናብ ከግድግዳው አናት ጭቃውን እያጠበ፣ ጭዱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የምሥራቁ ግድግዳ ወደ ውስጥ ማዘንበል ጀምሯል።

አቶ ፈንታ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየናል።

«እናንተ ናችሁ ባለ ቀለሞቹ?» አለ። «በርቱ። ጣሪያውን እኛ አውርደንላችኋል፣ ግድግዳውን ዝናቡ ይጨርስላችኋል። ዶዘር ምን ያደርጋል፣ ነዳጅ አታባክኑ።»

ጋሽ ሙላት ሴትዮዋ የት እንዳሉ ጠየቁት። ዓርብ ከተዝካር ሲመለሱ ምልክቱን አይተው እንደ ሐውልት ደርቀው መቆማቸውን ነገረን። ቆርቆሮውን ልጃቸው ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የላከችላቸው ነው። ዶዘር ሲመጣ ከነጣሪያው እንዳይጨፈልቅባቸው ቆርቆሮውን አስነቅለው፣ በሩን አስነቅለው፣ ገሳይ እኅታቸው ዘንድ ሄዱ። አቶ ፈንታ ራሱ ነው ምስማሩን የነቀለው።

ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ለምን አልጠየቃችሁም አልሁት። ሳልጨርሰው የጥያቄዬ ሞኝነት ገባኝ።

«ካርታ የሌለው ሰው ሄዶ ቤቴን ልታፈርሱ ነው ወይ ይላል? ባያውቁ እንኳ ሊያስታውሳቸው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔን ቤት ባለፈው ሳምንት እኒህ ሰውዬ በሰማያዊ ቀቡት፤ ኢንተርኔት ነው ብለው አስረዱኝ። የእማማ እናኑ ቀይ ሲሆን፣ ሰማያዊ የሚቀር፣ ቀይ የሚፈርስ መሰለን። ደግሞ ካርታ የላቸውም ብዬ የነገርሁሽ እኔ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል፤ ያደረስሁባቸው እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም።»

እኔ ነኝ ልለው ፈለግሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ኢንጂነሩን ሄጄ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። በሩን ዘጋው። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ አለኝ፤ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ውሰጂና አስተካክይው አለ። ልወጣ ስል ጠራኝ። ዓርብ የላክነው የቤቶች ዝርዝር ከነካርታው መረጃ ሌላ መሥሪያ ቤት ቅጂ ጠይቆ እንደወሰደ ነገረኝ። የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም፤ ለምን እንደወሰደውም አላውቅም አለ። አመንሁት። ከክፍሉ ስወጣ የመጀመሪያው ቀን መሰላል ትዝ አለኝ፤ አሁን ግን የምወርድበት መሬት አልነበረም። በስህተት የቀባሁት ምልክት እውነት ሊሆን ይችላል። ቤታቸውን በእጄ ጽፌ አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

ማግስቱን ከጋሽ ሙላት ጋር በሚኒባስ ገሳይ ሄድን። እማማ እናኑን ከእኅታቸው ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮው በተደረደረበት ጥግ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ያስላሉ። ቆርቆሮው ላይ አንድ እጃቸውን አሳርፈዋል። ጋሽ ሙላት ሰላምታ ሰጥተው ወደ እኔ ዞሩ፤ አንቺ ነሽ የቀባሽው፣ አንቺ ተናገሪ አሉኝ።

ተንበርክኬ ተናገርሁ። ማፍረስ እንዳልሆነ፣ ኢንተርኔት እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቤት እንደሚገባ።

«ለኔም?» አሉ። «እኔን ማን አስታወሰኝ?»

ልጅዎን ፊቷን እያዩ ሊያናግሯት ይችላሉ አልኋቸው።

«ደህና ነኝ ትለኛለች፤ በድምፅዋ አምናታለሁ። መልኳን አሳይታችሁ መክሳቷን አይቼ እንዳላምናት ልታደርጉኝ?» አሉና ሳሉ። ከዚያ «አይፈርስም የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት አምጪልኝ። ያኔ እመለሳለሁ» አሉ።

ጋሽ ሙላት ወረቀት መጠየቅ ማለት ለማያውቅ ሁሉ ማሳወቅ እንደሆነ በዝግታ ነገሯቸው። እማማ እናኑ ገባቸው፤ እንደማይመለሱ ግን ከፊታቸው አየሁ። የምሥራቁ ግድግዳ ትዝ አለኝ። አንድ ሳምንት ዝናብ ካገኘው ይወድቃል፤ ከወደቀ ደግሞ ካርታ ለሌለው ቤት እንደገና መሥሪያ ፈቃድ የሚሰጥ የለም።

«አይፈርስም፣ እማማ። እኔ ዋስ ነኝ» አልሁ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ሙላት በመስኮቱ ወደ ውጪ እያዩ «በማታውቂው ነገር ዋስ ሆንሽ» አሉኝ። ዝርዝሩ መወሰዱን ነግሬያቸው ነበር። «ምልክቱ ስህተት ነው፤ ስህተት ይፋቃል። ይኸኛው ግን ውሸት ነው» አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲናገሩኝ የመጀመሪያቸው ነው።

እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን እማማ እናኑ ቆርቆሮውንና በሩን በአይሱዙ አስጭነው መጡ። አቶ ፈንታ የሰፈሩን ሰው ለደቦ ጠራ። ጋሽ ሙላት የሚያዘነብለውን ግድግዳ በአሮጌ የስልክ እንጨት አስደገፉት። እኔ የተጣመመውን ምስማር ድንጋይ ላይ እያቃናሁ አቀብል ነበር። ቆርቆሮው ሲመለስ የድሮው ቀዳዳ ከማገሩ ጋር አልገጠመም፤ አዲስ እየበሱ መቱት፤ የድሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፈኑት። አንድ ሰው ከጣሪያው ላይ «እማማ፣ ኮከብ መቁጠሪያ ትተንልዎታል» ሲል ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ቀዩን ምልክት በቤንዚን ስፈትግ ውዬ ወጣልኝ፤ ሥሩ ያለው አረንጓዴ ቀለምም አብሮ ወጣ። እዚያ ቦታ ላይ ብረቱ ብቻ ያበራል።

የገመዱ ቦይ የሚቆፈረው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ቆፋሪው ኤክስካቫተር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ብረት እጅ ያለውን ሁሉ ዶዘር ይለዋል። እማማ እናኑ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ያን ቀን ከቤታቸው እንድውል። «አንቺ ከውስጥ ካለሽ የናንተን ሰው አይጨፈልቁም» አሉ። እሺ አልሁ። ሰኞ ጋሽ ሙላት ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። ለማሽኑ ነጂ የተሰጠው ትእዛዝ ቦይ መቆፈር ብቻ ይሁን ሌላም ይጨመርበት እንደሆነ ጠይቀው ሊያጣሩልኝ ሞከሩ፤ ነጂው የተቋራጭ ሠራተኛ ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ጠዋት ነው ተባሉ።

ማክሰኞ በጠዋት ገባሁ። መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልብሳቸውን በሁለት ጆንያ አስረው በሩ ሥር አድርገውታል። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ የልጃቸው ፎቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ እሱንም አንሥተው ከጆንያው ከተውታል። ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው፤ አጭር አጭር መለሱልኝ። ስለ ዘንድሮው የጤፍ ዘር ጠየቅኋቸው፤ ጆሯቸው ግን ውጪ ነበር። ድምፁ ከሩቅ መጣ።

መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ነበር። ከዚያ መደቡ ከሥራችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከግድግዳው ደረቅ ጭቃ እየተፈረፈረ ወደቀ፤ ቆርቆሮው በየምስማሩ ተንጫጫ። እማማ እናኑ የእጄን አንጓ ያዙ። እንዲህ ያለ ጉልበት በዚያ ቀጭን እጅ ውስጥ አለ ብዬ አላስብም ነበር። ከንፈራቸው እመ ብርሃንን ይጠራል። እኔም አብሬ ጠራሁ። ማሽኑ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ በራችን ፊት ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። የበሩ ስንጥቅ ላይ የሚገባው ብርሃን በብጫ ነገር ተጋረደ።

ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረውን በትክክል ልጻፍ። ሊያፈርሱት ነው ብዬ አመንሁ። ተነሥቼ ልሮጥ ፈለግሁ። ያልሮጥሁት ጀግና ስለሆንሁ አይደለም፤ እጄን ስለያዙኝ ነው።

በሩ ተንኳኳ። እማማ እናኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቤቶች» አለ የወንድ ድምፅ። «ደጃፉ ላይ የተከመረው ማገዶ የማነው? ቦዩ በዚህ ነው የሚያልፈው፣ ወደዚያ ብናደርገው ምን ይመስላችኋል?»

ሁለተኛ አንኳኳ። «አንሡት» አልሁ እንደምንም። ማገዶው ሲወረወር ሰማን፤ አቶ ፈንታ ከውጪ «ቀስ፣ ቀስ፣ የድሃ ማገዶ ነው» ሲል ሰማን። ከዚያ የማሽኑ እጅ መሬት ነከሰ። ቤቱ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተናጠ። የደገፍነው ግድግዳ ተንቋቋ፤ ግን ቆመ። ብጫው ከስንጥቁ ላይ ተነሣ፤ ብርሃኑ ተመለሰ። ድምፁ ወደ ታችኛው ሰፈር እየራቀ ሄደ።

«አለፈ?» አሉ፤ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

«አለፈ፣ እማማ።»

«ነገስ?»

አይመጣም ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ገሳይ የተናገርሁት ዓይነት ቃል ነው፣ ለመናገር ምንም አይከብድም። ዝርዝሩ የማን እጅ እንደገባ እንደማላውቅ አስታወስሁ።

«አላውቅም» አልኋቸው። «ስምዎን የጻፍሁበት ወረቀት ከእጄ ወጥቷል። ካርታ የለውም ብዬም ጽፌበታለሁ። ማን እንደወሰደው አላውቅም። ዋስ ነኝ ያልሁዎት ስለፈራሁ ነው።»

ዓይናቸውን ከፍተው አዩኝ። የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ከውጪ የአቶ ፈንታ ላም ትጮኻለች፤ አዲሱ ቦይ መሻገሪያዋን ቆርጦባታል።

«እስካሁን ብቻዬን ነበር የምፈራው» አሉ። «እንግዲህ ሁለት ሆንን።»

እጄን ለቀቁኝና ከሁለቱ ጆንያዎች አንዱን መፍታት ጀመሩ።